ሦስት ቁጥር ጀልባ

አናጢው ማታ ሲተኛ መርከቡ አራት ጀልባ ነበረው፤ ጠዋት ሲነሳ ስድስት ሆኖ ጠበቀው። መነጽሩን ያላደረገ መስሎት ፊቱን ዳሰሰ። መነጽሩ ዓይኑ ላይ ነበር። ጣቱን ዘርግቶ ፊደል እንደሚቆጥር ልጅ አንድ በአንድ ቆጠረ፤ በግራ ሦስት፣ በቀኝ ሦስት። እስከ ትናንት ድረስ በመርከቡ የኋላ በኩል ባዶአቸውን የቆሙት ሁለት ጥንድ የነሐስ ሽቦ ክንዶች ዛሬ አንዳንድ ጀልባ ታቅፈዋል። ጀልባዎቹ የእሱኑ ጀልባዎች ይመስላሉ፤ ርዝመታቸው ሰባት ሳንቲ ሜትር፣ ቀለማቸው ነጭ፣ ጎናቸው ላይ ሳንቃ በሳንቃ ላይ የተደረበ የሚመስል መስመር አላቸው። ሌባ ቢገባ ዕቃ ይዞ ይሄዳል እንጂ ዕቃ ጨምሮ አይሄድም። አፍንጫውን አስጠግቶ አሸተተ። የእንጨት ሽታ የለም፣ የቫርኒሽም ሽታ የለም። የሸተተው የሴት ልጁ የሥራ ካፖርት ሁልጊዜ የሚሸተውን፣ አፍንጫ የሚሰነፍጠውን ነገር ነው፤ ሰው ሠራሽ ድድና ጥርስ የሚሠራበትን አክሪሊክ።

ልጁ ቤት ውስጥ አልነበረችም። ሥራ የምትገባው ሦስት ሰዓት ነው፤ ዛሬ ግን ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ወጥታለች። ባሏ ከጠረጴዛው ጫፍ ተቀምጦ ዳቦውን ሻይ ውስጥ እየነከረ ይበላል። ለዛሬው የአዳራሽ ምርቃት የሚለብሰው ሙሉ ልብስ ከበሩ በስተኋላ ተተኩሶ ተሰቅሏል። ሦስት ክፍል ናት ቤቷ፤ አንዷ የባልና ሚስቱ፣ አንዷ የአናጢው፣ አንዷ ደግሞ የሁሉም፤ ማብሰያውም፣ ቴሌቪዥኑም፣ መርከቡም ያሉት እዚችው ውስጥ ነው። መርከቡ ሰባ ሁለት ሳንቲ ሜትር ነው። ለአራት ዓመት የምግብ ጠረጴዛውን ግማሽ ይዞ ስለኖረ፣ ቤተሰቡ ክርኑን ሰብስቦ መብላት ለምዷል፤ እንግዳ ሲመጣ ሳህኑን ጉልበቱ ላይ ይይዛል።

«አባባ፣ ሻይዎ እንዳይቀዘቅዝ» አለ አማቹ፣ ዓይኑን ከኩባያው ሳያነሳ። «መኪናው ስምንት ሰዓት ላይ ነው የሚመጣው። የምነዳው እኔው ነኝ፤ እንደ እንቁላል ነው የምይዘው።»

«ስንት ጀልባ ነው የምትወስደው?»

አማቹ የነከረውን ዳቦ ወደ አፉ ሊያደርስ ሲል ቆመ። ዳቦው ረጥቦ ተቆርጦ ሻዩ ውስጥ ወደቀ።

«እኔ ሾፌር ነኝ፣ አባባ። የጫኑብኝን ነው የማደርሰው።»

ነገሩ እንዲህ ነው። እውነተኛው መርከብ የጦር መርከብ ነበር፤ ሰባ ሁለት ሜትር ርዝመት፣ ሁለት መድፍ፣ አንድ ጭስ ማውጫ። የሰመጠው ግን ጠላት መትቶት አይደለም። ከሠላሳ ስምንት ዓመት በፊት፣ በሰላሙ ጊዜ፣ ለልምምድ እንደወጣ የሞተር ክፍሉ በእሳት ተያይዞ ነው። በወረቀት ላይ ስድስት የነፍስ አድን ጀልባ ነበረው። አምስት ቁጥርና ስድስት ቁጥር ግን ከቃጠሎው ሦስት ሳምንት ቀደም ብሎ በጭነት መኪና ተጭነው የጦር ሰፈሩ አዛዥ ከሐይቅ አጠገብ ወዳሠራው ቤት ሄደዋል፤ የአዛዡ እንግዶች ዓሣ ማጥመድ ያምራቸው ነበርና። ጀልባ የመጠበቅና የመጠገን ኃላፊነት የአናጢው ስለነበረ፣ የወሰዱትን ፈርሙልኝ ብሎ ወረቀት ይዞ ተከተላቸው። ሳቁበት። መርከቡ በሰመጠ ቀን ሠላሳ አንድ ሰው ውሃ በላው። መርማሪ ኮሚቴ ተቋቋመ። የዚህ ዓይነት ኮሚቴ ጥፋተኛ ፍለጋ አይደክምም፤ ጥፋቱን የሚሸከም ጫንቃ ካገኘ ይበቃዋል፤ የአናጢ ጫንቃ ደግሞ ሰፊ ነው። «ከነበሩት ስድስት ጀልባዎች ሁለቱን አናጢው በወቅቱ ባለማውረዱ» ተብሎ ተጻፈ። አዛዡ በሙሉ ማዕረግ ጡረታ ወጣ፣ ሲሞትም መድፍ ተተኮሰለት። አናጢው ያለ ጡረታ ተባሮ ሠላሳ ዓመት የሰው በርና መስኮት ሠራ። ከመርከቡ ሰዎች መካከል ለኮሚቴው «አራት ነበሩ» ብሎ የመሰከረ አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ከሞተር ክፍሉ የወጣ፣ ጓደኞቹ ጥቀርሻ የሚሉት ሰው። «ከአራት በላይ ከነበሩ ዓይኔን ያጥፋው» ብሎ ማለ። እሱንም አባረሩት።

ሚስቱ በሞተች በዓመቱ አናጢው የዕቃ ሳጥን ሳንቃ እየሰነጠቀ መርከቡን በአንድ መቶኛ ልክ መሥራት ጀመረ። የሚሠራው ከትዝታው ነበር፤ ትዝታው ደግሞ ከማንም ሥዕል ይበልጥ ነበር። የደረጃውን መወጣጫ ቁጥር ያውቃል። የትኛው መስኮት እንደማይዘጋ ያውቃል። ሦስት ቁጥር ጀልባ በስተቀኝ ጎኗ ላይ የተጠገነች እንደነበረች፣ ጥገናዋም አራት ማዕዘን ሆኖ አንዱ ጥግ እንደጎደለ ያውቃል፤ የጠገናት ራሱ ነውና። በመርከቡ ላይ የጀልባዎቹን ቁጥር በቀለም አይጽፍም ነበር፤ ቀለም ይላጣል ብሎ በመሮ ይፈለፍለው ነበር። በትንሿም መርከብ ላይ በመርፌ ፈለፈለው። አራቱን ጀልባዎች ሰቀለ፣ ሁለቱን ቦታ ባዶ ተወ። እውነቱን ለመናገር፣ ያን ሁሉ መድፍና መሰላል የሠራው ለእነዚያ ሁለት ባዶ ቦታዎች ሲል ነበር። ሌላ ምስክር አልነበረውም።

መርከቡን ያጋለጠው አማቹ ነው፤ በክፋት አይደለም፣ በኩራት። ሾፌር ሆኖ የሚሠራበት መሥሪያ ቤት ለባሕር ኃይሉ መታሰቢያ አዳራሽ እያሠራ ነበር። በስልኩ ያነሳውን ፎቶ ለኃላፊው አሳየ። ኃላፊው ከሦስት ሳምንት በፊት እዚህች ክፍል ድረስ መጣ፣ ቆሞ አየ፣ በእስክሪብቶው ጫፍ ቆጠረ። «ግሩም ሥራ ነው፤ ሁለት ይጎድለዋል» አለ። በፕላኑ ላይ ስድስት ነው፤ አዳራሹም የሚቀበለው ስድስት ነው። ኃላፊው ያን ጊዜ የመርማሪ ኮሚቴው ጸሐፊ የነበረ ወጣት መኮንን እንደሆነ አናጢው በእስክሪብቶ አያያዙ አወቀው። አልተጨቃጨቁም። ባለሥልጣን ሲያስፈራራ ድምፁን ከፍ አያደርግም፤ ደብዳቤ ይጽፋል። በማግሥቱ ለአማቹ የደረሰው ደብዳቤ ስለ ጀልባ አንድም ቃል አልነበረበትም። «የያዙት የመሥሪያ ቤቱ መኖሪያ ቤት አጠቃቀም በመጣራት ላይ ስለሆነ» ይላል።

አናጢው ሻዩን ሳይጠጣ ወጣ። የልጁ የሥራ ቦታ ከጫማ መደብር በላይ፣ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው። አሳንሰሩ ከተበላሸ ዓመት አልፎታል፤ በሩ ላይ «በጥገና ላይ» የሚል ወረቀት ተለጥፎ ወረቀቱ ራሱ ሌላ ወረቀት ተለጥፎበት ተጠግኗል። ውስጥ ሲገባ የመፍጫ ማሽኑ ድምፅ ጥርሱን አንገጫገጨው። መደርደሪያዎቹ ላይ የጄሶ መንጋጋዎች በረድፍ ተደርድረዋል፤ አንዳንዱ ሁለት ጥርስ የቀረው፣ አንዳንዱ ሙልጭ ያለ፣ ሁሉም ሥር የባለቤቱ ተራ ቁጥር አለ። ግድግዳው ላይ የዋጋ ዝርዝር ተሰቅሏል። ሙሉ የላይ መንጋጋ የሾፌር ሁለት ወር ደመወዝ ይፈጃል፤ የፊት ጥርስ ብቻ ከሆነ ርካሽ ነው። ሰው ለማኘክ ባይችልም ለመሳቅ ይችላል ማለት ነው።

የቤቱ ባለቤት፣ ወፍራም፣ ሳቂታ ሴት፣ ስታየው ከወንበሯ ተነሳች። «አባት፣ መቼ ነው አፍዎን የሚሰጡን? ልጅዎ እጇ ወርቅ ነው፤ የሞተ ፈገግታ ታስነሳለች» አለች። ልጁ ማሽኑን አጠፋች፤ ዞር ብላ ግን አላየችውም። በእጇ የያዘችውን መንጋጋ በብሩሽ ታጸዳለች። የቤቱ ባለቤት የሁለቱን ዝምታ አየት አደረገችና ሻይ ላምጣ ብላ ወጣች።

«ሦስት ቁጥርን ነው የቀዳሻት» አለ አናጢው።

«የቷ እንደሆነች አላየሁም፣ አባዬ። በቅርብ ያገኘኋትን ነው ልክ የወሰድኩት።»

«ጥገናውም አብሮ ወጥቷል። ቁጥሩም።»

«ልክ ሲወሰድ እንዲያ ነው። የተሰነጠቀ ጥርስ ካለም ከነስንጥቁ ይወጣል።» ብሩሹን አስቀመጠች። «ሁለት ሳምንት ሙሉ በምሳ ሰዓቴ እዚህ ስሠራቸው ነበር። መስቀያ ክር አልበቃ ብሎኝ በዚሁ በአክሪሊኩ አጣበቅኳቸው።»

አናጢው ሥራዋን በሆዱ አደነቀ፤ ይህም ይበልጥ አበሸቀው። ከጀልባዎቹ ጎን መስመር አንዱም አልጠፋም። ልጁ ትንሽ ሳለች መርፌና ወረንጦ መያዝ ያስተማራት እሱ ነው፤ ያስተማረው እጅ ነው ዛሬ የመሰከረበት። ከጎኗ ባለው በርጩማ ላይ ተቀመጠ።  ከታች ከጫማ መደብሩ አንድ ሰው ቁጥር አርባ ሁለት የለም ወይ እያለ ይጠይቃል።

«ደብዳቤው ውጡ አይልም» አለ በመጨረሻ።

«ገና ነዋ። ከኛ በፊት ሁለት ቤተሰብ እንዲሁ ‹በመጣራት ላይ› ተብሎ ነው የወጣው። የቤት ኪራይ ስንት እንደገባ ታውቃለህ? ደመወዛችን ተደምሮ አንድ ክፍል አይከራይም። አንተን የት እናስተኛህ?» ድምፅዋ አልጨመረም፤ እንደ ሐኪም ቤት ጸሐፊ ተራ በተራ ነው የምትናገረው። «አባዬ፣ ከተወለድኩ ጀምሮ አራት ናቸው ስትል ነው የምሰማው። እማዬም ሰምታለች፤ ሰምታ ሞተች። ሌላ ማን ሰማህ?»

«አሴቶን ስጪኝ።»

ልጁ አየችው። ከዚያ መሳቢያ ከፍታ ቡናማ ጠርሙስ አወጣችና እፊቱ አስቀመጠችለት። «ያወልቃቸዋል። ቀለምህንም ይበላል» አለች። «ግን አልከለክልህም። ውሰድ።»

ቢከለክሉት ይሻለው ነበር። የተከለከለ ሰው መታገል ይችላል፤ የተፈቀደለት ግን ከራሱ ጋር ነው የሚቀረው። ጠርሙሱን ኪሱ ውስጥ ከቶ ወደ ቤት ሲመለስ እየከበደው ሄደ። አማቹ ወደ ሥራ ሄዷል፤ የተቀደሰ ዕቃ ይመስል መርከቡን በንጹሕ አንሶላ ሸፍኖታል። አናጢው አንሶላውን ገልጦ ጥጥ በአሴቶን ነክሮ ተቀመጠ። ጥጡ እጁ ላይ ደረቀ። እንደገና ነከረው፤ እንደገና ደረቀ። ዙሪያውን አየ። መስኮቱን የሠራው እሱ ነው፤ ሲገቡ አይገጥምም ነበር። ሚስቱ የሞተችው በዚያች ክፍል ነው፣ በራሷ አልጋ ላይ፣ ማንም ውጡ ሳይላት። የመጨረሻ ወሯን ፀሐይ የምታየው በዚያ መስኮት ነበር። ልጁ ወልዳ የምታሳድግ ከሆነም ከዚህ ሌላ የት ታሳድጋለች?

ያን ጊዜ ዓይኑ በጀልባዎቹ ላይ አረፈ። ሦስት ጀልባ ላይ ያው አንዱ ጥግ የጎደለ ጥገና። ሦስት ጀልባ ላይ ያው ሦስት ቁጥር። በአንድ መርከብ ላይ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት፣ እንደገና ሦስት፣ እንደገና ሦስት። ይህን ያየ ሰው ለምን ብሎ መጠየቁ አይቀርም፤ የጠየቀ ደግሞ መልሱን ያገኛል። ውሸቱ ራሱ ምስክር ይሆናል፣ መስታወት ውስጥ ተቆልፎ፣ እሱም ልጆቹም ካለፉ በኋላ። ጠርሙሱን ከደነ። ሞኝ ሰው ብልጥ የሆነ ሲመስለው ፊቱ ይበራል፤ የአናጢውም ፊት በራ። ይህ የባለ እጅ ሰው ስሕተት ነው፤ ሌላው ዓለም እንደሱ አጎንብሶ፣ መነጽር አድርጎ፣ ሥራን በጣት ልክ የሚያይ ይመስለዋል።

ስምንት ሰዓት ላይ መርከቡን ጫኑ። ልጁ ከሥራ ፈቃድ ጠይቃ መጥታ ነበር። ስድስቱንም ጀልባዎች በየቦታቸው ስታይ ወደ አባቷ ዞረች፤ አንድ ነገር ልትል አፏን ከፍታ ተወችው። አናጢው መርከቡን ጉልበቱ ላይ ይዞ ከኋላ ተቀመጠ። አማቹ በእርግጥም እንደ እንቁላል ነዳ፤ ከኋላቸው ያለው አውቶቡስ ጡሩምባውን እየነፋ ቢሰድበውም አልቸኮለም። «ዛሬ ስድብ አይገባኝም» አለና ብቻውን ሳቀ።

አዳራሹ ሰፊ ነው፤ ቀለሙ ገና ይሸታል። መድፎች፣ ያረጁ ኮምፓሶች፣ የማዕረግ ልብሶች በየመስታወቱ ውስጥ ቆመዋል። ከሁሉ ትልቁ የአዛዡ ፎቶ ነው። ለመርከቡ የተዘጋጀው ሣጥን መሀል ላይ ነው፤ ከእግሩ ሥር ያለው ጽሑፍ ስለ ርዝመቱ፣ ስለ ፍጥነቱና ስለ ስድስቱ የነፍስ አድን ጀልባዎች ይናገራል። ስለ ሠራው ሰው አይናገርም። እንግዳ እስኪገባ አንድ ሰዓት ያህል ቀርቶ ነበር። ጽዳት ሠራተኞቹ መርከቡን አይተው «አቤት ሲያምር» ብለው አለፉ። ጽሑፉን የሚለጥፈው ባለሙያ ዙሪያውን ዞሮ «እጅዎን ክፉ አይንካው» ብሎ አለፈ። ማንም አጎንብሶ አላየም።

ኃላፊው መጣ። መነጽሩን ከኪሱ አወጣ፣ ጠረገ፣ አደረገ፣ አጎነበሰ። በዚያ ሁሉ አዳራሽ ውስጥ ሥራውን እንደሚገባው ያየው እሱ ብቻ ነበር። አንዱን ጀልባ አየ፣ ወደሚቀጥለው ሄደ፣ ተመለሰ። ቀና ሲል ፊቱ ላይ ቁጣ አልነበረም። ሰዎቹ ፊት «እርስዎ» ይለው የነበረው ሰው ድምፁን ዝቅ አድርጎ «አንተ አሁንም ያው ነህ» አለው። «ሦስት ጊዜ ሦስት። እኔ የማላይ መስሎህ ነው?»

«ልክ ሲወሰድ እንዲያ ይወጣል» አለ አናጢው።

«እንግዲያው አስተካክለው።» ኃላፊው ወደ አማቹ ዞረ፤ አማቹ በሩ አጠገብ የመኪናውን ቁልፍ በሁለት እጁ ይዞ ቆሟል፤ ልጁ አጠገቡ ናት። «ያንተ የቤት ጉዳይ እኮ ጠረጴዛዬ ላይ ነው፤ ዛሬ ከምርቃቱ በኋላ እፈርማለሁ» አለው በፈገግታ። ከዚያ ጸሐፊዋን ጠርቶ ለእኚህ ባለሙያ ስቱኮ፣ ነጭ ቀለምና መርፌ አምጡላቸው አላት፤ «እርስዎ» እንደገና ተመለሰ።

አመጡለት። አናጢው ወንበር ስበውለት ተቀመጠ። ከተጨመሩት ጀልባዎች የመጀመሪያዋ ላይ ያለውን ሦስት ቁጥር በስቱኮ ደፈነ፤ የጥገናውን ምልክት ደፈነ፤ በብርጭቆ ወረቀት ቁራጭ አለሰለሰ፤ ነጭ ቀለም ነካ ነካ አደረገ። እስኪደርቅ ድረስ እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ እንደ ተማሪ ጠበቀ። ከዚያ መርፌውን አንስቶ አምስት ፈለፈለ። ሁለተኛዋም ላይ ስድስት። አርባ ዓመት ገደማ ያልጻፋቸው ቁጥሮች ናቸው፤ እጁ ግን አልረሳቸውም። የእሱ አምስት ከላይ ያለው መስመር ረጅም ነው፣ ባርኔጣ ያደረገ ሰው ይመስላል፤ ድሮ በመርከቡ ላይ ባልደረቦቹ ይስቁበት ነበር። ኃላፊው ከኋላው ቆሞ ያይ ነበር። «አሁን ተሟላ» አለ። መስታወቱ ተከደነ፤ ቁልፉ ሁለት ጊዜ ዞረ።

አሥር ሰዓት ላይ እንግዶች ገቡ። ንግግር ተደረገ፣ ተጨበጨበ፣ ለስላሳ መጠጥና ብስኩት ዞረ። ልጁ ጥግ ይዛ ቆማ ብስኩቱን በወረቀት ጠቅልላ ቦርሳዋ ውስጥ ስትከት አናጢው አያት። ከአደጋው የተረፉት ስምንት ሰዎች ከፊት ወንበር ተቀምጠው ነበር፤ ከእነሱ አንዱ ጥቀርሻ ነው። ንግግሩ እንዳለቀ በከዘራው መሬቱን እየመታ ወደ መርከቡ ሲመጣ ሕዝቡ መንገድ ለቀቀለት። አንድ ዓይኑ ሙሉ በሙሉ ነጭ ለብሷል፤ ሌላው ግማሽ ብርሃን ይቀረዋል። ከአናጢው ጋር በየሁለት ወሩ ይገናኛሉ፤ ሲገናኙ ሁልጊዜ ያንኑ ቀልድ ነው የሚቀልደው።

«አናጢው፣ አለህ? ኮሚቴው ፊት ዓይኔን ያጥፋው ብዬ በሐሰት ማልኩ ይላሉ ልጆቼ። ይኸው ጠፋ። ዛሬ ግን ባለችኝ ብርሃን አራቱን አይቼ ነው የምሞተው።» ከኪሱ ማጉሊያ መነጽር አወጣ፤ ጋዜጣ የሚያነብበት ነው። አፍንጫውን መስታወቱ ላይ ለጥፎ ማጉሊያውን እያንቀሳቀሰ ጀመረ። ደረጃውን አገኘ፤ «በዚህ ነው ወጥቼ የዳንኩት» አለ። የማይዘጋውን መስኮት አገኘ፣ ሳቀ። ቀጥሎ ጀልባዎቹን መቁጠር ጀመረ። ጣቱ አራተኛዋ ላይ ሲደርስ ፈገግ ብሎ ሊቆም ነበር። ጣቱ ቀጠለ።

መስታወቱ በትንፋሹ ጭጋግ ለበሰ። በእጅጌው ጠረገና እንደገና ከአንድ ጀመረ። ስድስተኛዋ ላይ ሲደርስ ወደ አምስተኛዋ ተመለሰ፣ ማጉሊያውን አስጠጋ፣ ለረጅም ጊዜ አቆየው።

«ይህ አምስት ያንተ አምስት ነው» አለ። «ባርኔጣው። የማንም አይደለም።»

 ሁለት እርምጃ ርቆ ኃላፊው ለእንግዶቹ ስለ መድፎቹ እያስረዳ ነበር፤ እያስረዳ ጆሮው ግን እዚህ ነው። ከበሩ አጠገብ ልጁና ባሏ ቆመዋል። የባሏ ዓይን ከኃላፊው ደረት ኪስ፣ እስክሪብቶው ካለበት፣ አልተነሳም።

«ስንት ነበሩ፣ ወንድሜ?» አለ ጥቀርሻ። የጠየቀው እንደሚገሥጽ ሰው አይደለም፤ መንገድ እንደጠፋው ሰው ነው።

«የምታየው ነው» አለ አናጢው።

«የማየውማ ስድስት ነው።»

«እንግዲያው ስድስት ነው።»

ጥቀርሻ ማጉሊያውን ወደ ኪሱ መለሰ። ኪሱን ማግኘት አቅቶት ሁለት ጊዜ ሳተው። «ለካ ልጆቼ እውነታቸውን ነው» አለ ቀስ ብሎ። «እኔ እኮ እሳቱ አስደንግጦኝ ይሆናል በደንብ ያላየሁት እያልኩ አንዳንድ ቀን እጠራጠር ነበር። አንተን ሳይ ነበር የምጽናናው።» ከዚያ ከዘራውን አንስቶ፣ ሳይሰናበት፣ ግድግዳውን እየዳሰሰ ሄደ። በሩ ጋ የአናጢው ልጅ እጁን ልትይዘው ብትሞክር ቀስ ብሎ አስለቀቃት።

ወደ ቤት ሲመለሱ መኪናው ፈጥኖ ነበር የሚሄደው፤ የሚሰበር ነገር አልያዘም።  አማቹ በደረት ኪሱ ያለውን ፖስታ በየመብራቱ በቆሙ ቁጥር ይዳስሰዋል። ቤት ገብተው ጫማውን እንኳ ሳያወልቅ ቆሞ አነበበላቸው። «በመሥሪያ ቤቱ እስከሠሩ ድረስ በመኖሪያ ቤቱ እንዲገለገሉ መፈቀዱን» ይላል። ሁለተኛ ጊዜ አነበበው። ማህተሙ ሰማያዊ ነው፤ ፊርማው ላይ እስክሪብቶው ጠንከር ብሎ ወረቀቱን ሊበሳው ደርሷል። አማቹ ደብዳቤውን የት እንደሚያስቀምጠው ጨንቆት ከክፍል ወደ ክፍል ሲዞር ቆየና በመጨረሻ ሊያስነሳው፣ ፎቶ ኮፒ ሊያደርገው፣ ወጣ።

አናጢውና ልጁ ብቻቸውን ቀሩ። ጠረጴዛው ላይ መርከቡ አራት ዓመት የቆመበት ቦታ ቀለሙ አልደበዘዘም፤ ዙሪያው ነጥቶ እዚያ ብቻ ጥቁር ቡናማ ሆኖ ቀርቷል። ልጁ ሻይ አፍልታ መጣች። ኩባያውን በዚያ ጥቁር ቦታ ላይ ልታስቀምጥ ብላ እጇን መለሰችና በእጇ እንደያዘችው ቆመች። ዛሬ ከአራት ዓመት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሁሉም ክርናቸውን ዘርግተው መብላት ይችላሉ።

«አባዬ» አለች።

«እ።»

«አምስትና ስድስትን ስትጽፍ አየሁህ። እጅህ አልተንቀጠቀጠም።» ኩባያውን ወደ ሌላ እጇ አዛወረች። «እዚያ ሰውዬው ሲጠይቅህም... እውነቱን ለኔ ብቻ ንገረኝ፤ ምንም አይደለም፣ ካለፈ አልፏል። በእርግጥ አራት ነበሩ?»

አናጢው ወደ እጆቿ አየ። በቀኝ አውራ ጣቷ ጥፍር ሥር ነጭ አክሪሊክ ደርቆ ቀርቷል፤ ታጥቦ የሚለቅ አይደለም፣ ጥፍሩ አድጎ እስኪቆረጥ ድረስ እዚያው ይቆያል።

«አንቺ ስንት ሠራሽ?» አላት።

«ሁለት።»

«እንግዲያው ከስድስት ላይ ቀንሺው።»

የሁለተኛ ክፍል ሒሳብ ነው። ልጁ ግን ሻዩ እጇ ላይ እስኪቀዘቅዝ ድረስ ቆመች።